የእንዳላማው ሰንጢ

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

መብራት ሦስት ሰዓት ላይ ሄደ፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ መጣ። ሆቴሉ ካዘዘኝ መስኮቶች የተበየዱት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ባለቤቱ አራት ጊዜ ደወለ… መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ይመስል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ገበሬ ሱቅ ገባ። ከሮብ ገበያ በላይ ነኝ አለ። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሰንጢ። እጀታው የበሬ ቀንድ፣ የማጠፊያው ሚስማር አልቆ ስለቱ እንደ ልጅ ጥርስ የሚነቃነቅ። ቀንዱ ላይ በጋለ ሚስማር የተተኮሱ ሦስት ነጥቦች።

ገና ሳልነካው አወቅሁት። የአባባ እጅ ነው።

«ብየጂልኝ» አለኝ። አይበየድም፣ ሚስማሩ ይቀየር አልሁት። ቀየርሁለት። ደስ አለው። እያጠፈ እየዘረጋ «የእንዳላማው ሰንጢ ነው፣ ከአባቴ የወረስሁት። እንዲህ ያለ ዛሬ የለም። ሠሪውም ሞቷል አሉ» አለ።

ሠሪው በሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋቢያቸውን ለብሰው። አራት እርምጃ አይሆንም። ሰምተዋል፤ ግን ቀና አላሉም።

እኔስ ምን አልሁ? «አባቴ ናቸው፣ ያውልህ» አልሁ? አላልሁም። «ነፍስ ይማር» አልሁ። የገዛ አባቴን።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ያች ቃል አልለቀቀችኝም። አባባ ምንም አላሉኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ ሰንጢውን ለምን ተዉት?» እስከ ዛሬ የማውቀው ገዢ ጠፍቶ መሆኑን ነበር። እናቴም ነፍሷን ይማርና እንዲያ ነበር የምትለን፤ የቻይና ቢላዋ ገበያውን ዘጋው ብላ።

«ገዢማ ሞልቶ» አሉ።

ከዚያ ቀስ እያሉ አወሩኝ። እንደ ሌላ ሰው ነገር ነው ያወሩት።

«የአንድ ጎረቤት ልጅ ታመመ። ትኩሳት። አባትየው መጣና ሰንጢ ገዛኝ። ሸኝቼው ወደ ወናፌ ስመለስ ጋቢዬ ከኋላ ተሳበ። ዞር ስል ከጫፉ ቆርጦ ይዟል…»

«ምን ሊያደርግበት?»

«ልጁን ሊያጥኑበት ነዋ። የኔ ዓይን በልቶታል ተብሎ።»

ልጁ ዳነ። ጤና ጣቢያም ወስደውት መድኃኒት ውጦ ነበር፤ እሱን ማን ያነሣዋል? «የእንዳላማው ጋቢ አዳነው» ተባለ። ጋቢው አዳነው ማለት እንዳላማው በላው ማለት ነው። በሳምንቱ አባባ ወናፉን በገዛ እጃቸው ቀደዱት፤ እኛን ይዘው ማርቆስ ገቡ። ስድስተኛ ክፍል ነበርሁ። ትምህርት እንድማር ብለው የገቡ ነበር የመሰለኝ። ጌታዬ… እዚህ መጥተው ሃያ ሁለት ዓመት ዘበኛ ሆኑ። እንዲያ ያለ እጅ ዱላ ይዞ በር ሲጠብቅ ኖረ።

መጨረሻ ላይ ምን አሉኝ? «አንዲት ክር እንኳ አልሳበም እኮ።»

«ምኑ?»

«ስለቱ። ያን ዕለት ጠዋት ነበር የሳልሁት።»

እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን ሲቆርጧቸው ስለቱን ያደንቃሉ።

እኔ ግን አላደንቅም። ማረሻቸውን፣ ማጭዳቸውን፣ ምሳራቸውን፣ የልጃቸው እትብት የተቆረጠበትን ምላጭ ሳይቀር ከአባባ እጅ ወስደው፣ ውኃ ግን በሳቸው ጣሳ አይጠጡም። እኔ በመብራት ብረት ስበይድ «ባለሙያዋ» እባላለሁ። እሳቸው በከሰል ሲቀጠቅጡ ቡዳ። ብረቱ እንደሆን አንድ ነው።

ሰንጢውን እሠራዋለሁ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ሥዕል ሠራሁ። የድሮው ጉድለት የታወቀ ነው፤ ስለቱ ከተዘረጋ በኋላ የሚይዘው ነገር የለም። የሚስማሩ ጥብቀት ብቻ። ሚስማሩ ሲበላ ስለቱ ድንገት ተመልሶ ጣት ላይ ይታጠፋል። ስንቱን ሰው እንደነከሰ እግዜር ይወቀው። ስለዚህ ከቀጭን ቱቦ ቀለበት ልቆርጥ፣ ቀለበቱን በአንድ በኩል ልሰነጥቀው፣ የእጀታው አንገት ላይ ላጠልቀው። ስለቱ በስንጥቁ ይወጣል። ቀለበቱ ሲዞር ስንጥቁ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ስለቱ መመለሻ ያጣል። እጀታውም ቀንድ ይቅር፤ ቀንድ በበጋ ይሰነጠቃል። ወይራ ይሁን። ጫፉ ላይ ክር ማስገቢያ ቀዳዳ።

አባባ ወረቀቱን ገልብጠው አዩት፣ አቃንተው አዩት። «ለሰንጢ ቀለበት? ልትድሪው ነው?» አሉ። ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ከዚያ ወረቀቱን መለሱልኝ። «ተይ ታየች። ያደረ እሳት አትቆስቁሺ።»

አልተውም።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

አራት ስለት ሰበርሁ። ከመኪና ባሌስትራ ነው የቆረጥሁት፣ ጥሩ ብረት ነው። አግዬ ውኃ ውስጥ ስነክረው ቋ ይልና መሐሉ ይሰነጠቃል። አራተኛው ሲሰበር መዶሻውን ወረወርሁት።

አባባ ከፀሐያቸው ተነሥተው መጡ። ስብርባሪውን አነሡ፣ የተሰበረበትን አዩ። «በውኃ ነው እንዴ የነከርሽው?»

«በምን ልንከረው?»

«የመኪና ብረት ይደነግጣል። ዘይት ስጪው።»

ከጓዳ የኑግ ዘይት አመጣሁ። ጋቢያቸውን አውልቀው ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ ሰቀሉ። ጉጠቱን ከእጄ ወሰዱ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው እሳት አጠገብ ካልቆሙ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጉጠቱ ሲገባበት ግን ጸጥ ይላል። ስለቱን ዘይቱ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወልውለው መልሰው ለእሳቱ አሳዩት። «አሁን ዓይንሽን አትንቀዪ። የገለባ መልክ ሲይዝ አውጪው። ካለፈ ዶሮ አያርድም።»

«ማን አስተማረዎት?»

«መስበር» አሉ። «እንዳንቺው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ብረታ ብረት ተምሬያለሁ፤ ሰርተፍኬቴ ግድግዳው ላይ ነው። ስለ አገር ቤት ቀጥቃጭ የተነገረን አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ «ኋላ ቀር አሠራር» የምትል። መምህሩ ሲናገራት ጽፌያታለሁ። ፈተና ላይ መጥታ ልክ ብያታለሁ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ጋሽ አብዱረዛቅ ከይጁቤ የበር ማጠፊያ ሊገዛ መጣ። እዚያ የተለያየ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለው፤ ከአባቱ የወረሰው። የአባባን ሰንጢ ይሸጡ የነበሩት አባቱ ናቸው። አባባን ሲያይ ሁልጊዜ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ይስማል።

የተጠናቀቀውን ሰንጢ ጠረጴዛው ላይ አየው። ዘረጋ። ቀለበቱን አዞረ። በአውራ ጣቱ ጀርባ ስለቱን ገፋው፤ አልታጠፈም። ደግሞ ገፋው። አፉን በእጁ ያዘ።

«ገበሬው እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል እኮ። ሠላሳ ስጪኝ» አለኝ። ከዚያ እጀታውን ገለበጠ። «ነጥቦቹ የት አሉ?»

«ገና ነው።»

«እንዳትረሺ። ገበሬው ፊደል ባይቆጥር ነጥብ ይቆጥራል።»

አባባ እየሰሙ ነበር። ተዪ አላሉኝም። አድርጊም አላሉ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ለእስከዳር ሽማግሌ መጣ። ልጄ ሉማሜ ነርስ ናት፤ መሳፍንት የሚባለው እዚያው መድኃኒት ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ተዋውቀዋል። ሦስት ሽማግሌዎች ደጃፍ ላይ ቆሙ፣ ግቡ ቢባሉ «የመጣንበትን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ። ደንቡ ነው። ባለቤቴ በሕይወት የለምና መልስ ሰጪው አባባ ናቸው። «ተመካክረን በሳምንቱ» ብለው ሸኟቸው።

እስኩ ጓዳ ውስጥ ሆና ጥፍሯን ትበላ ነበር። እኔም በልጅነቷ እንዲያ ስትሆን እንደማደርገው እጇን መታ አድርጌ አስጣልኋት። ደስ ብሎኛል። እንዲህ ደስ ካለኝ ቆይቷል።

ኅዳር 14፣ እሑድ። ቅበላ

እንደምንም ልጻፈው።

ሽማግሌዎቹ ለመልስ መጡ። ነገ ጾም ስለሚገባ በግ አረድን። ዋናው ተናጋሪ የመሳፍንት አጎት አቶ ስንሻው ናቸው፤ ልጁን አባቱ ሲሞት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የእነሱን ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩልን። አንዱ ግራዝማች፣ አንዱ መሪጌታ፣ አንዱ የደብር አለቃ። ከዚያ ወደ አባባ ዞሩ። «እርስዎስ አባቴ፣ ትውልድዎ ወዴት ነው? ሥራዎስ ምን ነበር?»

አባባ ረጋ ብለው «ከሮብ ገበያ በላይ ነው። አራሽ ነበርሁ» አሉ።

አራሽ። አንድ ጥማድ በሬ ኖሯቸው አያውቅም።

እኔ ሰሐን ይዤ ቆሜ ነበር። በመጋረጃው በኩል የእስኩን ፊት አየሁት። ሰሐኑን ማደል ጀመርሁ።

እሺ ተባለ፣ ተመረቀ፣ ሠርጉ ለጥር 17 ተቆረጠ። ሥጋ ቀረበ። ለአቶ ስንሻው ቢላዋ ስሰጣቸው «ቆይ፣ የራሴ አለኝ» ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

የቀንድ እጀታ። ሦስት ነጥብ።

«እንዲህ ያለ ሰንጢ ዛሬ በወርቅም አይገኝ» አሉ፣ ከታፋው እየቆረጡ። «ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ወደ እናንተው አገር አንድ ቀጥቃጭ ነበር፣ እሱ የሠራው ነው። ቡዳ ነው ይሉት ነበር። እጁ ግን እጅ ነበር።» ሳቀ። አዎ፣ «ሳቀ» ነው የምለው። ከዚህ በኋላ ለሱ አንቱታ የለኝም።

አባባ ሰንጢውን ዓይን ዓይኑን ያዩት ነበር። «አይታጠፍብዎትም?» አሉት።

«ምን አሉኝ?»

«ስለቱ። ጣትዎ ላይ።»

«እ… አልፎ አልፎ ይነክሰኛል» ብሎ አመልካች ጣቱን አሳየ። ሁለት ጠባሳ አለው።

«ሚስማሩን ያስጠብቁት» አሉ አባባ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ተከተልኋቸው። «ለምን አልነገሩትም?»

«የልጅቷ ቀን ነው።»

«አባባ፣ የሚጎርሰው ሥጋ በእርስዎ እጅ የተቆረጠ ነው እኮ።»

«በራሱ እጅ ነው የቆረጠው» አሉ። «ሂጂ፣ እንግዳ አለሽ። ጠላ ቅጂላቸው።»

ቀዳሁ። ሳቅሁላቸውም። ቤታችን ተቀምጦ፣ በጋችንን በልቶ፣ አባቴን በአባቴ ሰንጢ… ጠላ ቀዳሁለት።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ጾም ገባ። እንዲህ ተናድጄ ምኑን ጾምሁት?

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

እስኩ የሠርግ ልብስ ልታይ መጣች። ሱቅ ስትገባ ሠላሳው ሰንጢ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል፣ የቀረው ነጥቡ ብቻ ነው። አንዱን አነሣች። ቀለበቱን አዞረች፣ መለሰች፣ አዞረች።

«እማዬ፣ ነጥቡን ከሠርጉ በኋላ ብታደርጊውስ?»

ያልተናገርሁት የለም። አንቺን ዩኒፎርም ያለበሰሽ የማን ደመወዝ ነው? ስትታመሚ ጤና ጣቢያ አዝሎ የወሰደሽ ማን ነው? አሁን ለሉማሜ ሰው ብለሽ…

«አፍሬ አይደለም» አለችኝ። «ፈርቼ ነው።» እንባዋ መጣ።

ፈርቼ ነው አለች። እኔስ ለዚያ ገበሬ «ነፍስ ይማር» ያልሁት ምን ሆኜ ነበር? ልጅቷን የምቆጣበት አፍ ከየት አመጣሁ?

የገላገሉን አባባ ናቸው። «ነጥብ አይቆርጥም» አሉ። «የሚቆርጠው ስለቱ ነው። ያለ ነጥቡ ላኪው።»

ሳልወድ ለአውቶቡሱ ረዳት ሰጥቼ ላክሁ።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ጋሽ አብዱረዛቅ ካርቶኑን ራሱ ይዞ መለሰው።

«አልወጣም?»

«ሁለት ወጣ። ለተማሪዎች። ገበሬው ያነሣዋል፣ ቀለበቱን ያዞራል፣ ደስ ይለዋል። ከዚያ እጀታውን ይገለብጣል። ነጥብ ሲያጣ የቻይና ነው ይልና ያስቀምጠዋል። ኧረ የእንዳላማው ነው ብል ማን ይስማኝ? ውሸታም ነጋዴ አደረግሽኝ።»

ምክንያቱን ነገርሁት። ካርቶኑን በእግሩ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገው።

«ታየች፣ እኔ የምነግድበት ስም የአባቴ ነው። አባቴን ደብቄ ልጄን ብድር፣ ማን ዳራት ይባላል?»

የምሞርደው ብረት ፈልጌ ግራይንደሩን አስነሣሁ።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

መሳፍንት መጣ፣ ብቻውን። ልጁ ጨዋ ነው፣ አልዋሽም። በሁለት እጁ ነው የሚጨብጠው።

«እትዬ ታየች፣ እኔ ሁሉንም አውቃለሁ» አለኝ። «እስኩ ገና ስንተዋወቅ ነግራኛለች። ለኔ ምንም ማለት አይደለም።»

ደስ ሊለኝ ጀመረ። አሁን ሰው አገኘሁ ልል…

«ብቻ አጎቴ እንዳይሰማ። ሰንጢውን የድርጅት ስም ብታወጡለት፣ ሌላ ምልክት ምናምን። ደግሞ… የሠርጉ ቀን አባባ ታመው ነው ቢባል። ከኛ ወገን በመልክ የሚያውቃቸው ሰው አይጠፋም ብዬ ነው።»

ታመው ነው ቢባል። በጥቅምት ሞተዋል ተባሉ፣ በታኅሣሥ ታመው ነው ሆነ። እየተሻላቸው ነው ማለት ነው።

«ሻይ ጠጣና ሂድ ልጄ» አልሁት። እጄ ላይ ግራይንደር ነበር፤ ቶሎ እንዲሄድ ፈለግሁ። አባባ ደጅ ላይ ናቸው። ሲወጣ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ስሞ ሄደ። ይኼ ነው ያበገነኝ። ጉልበት ይስማሉ፣ ከዚያ ተደበቁልን ይላሉ።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

እስኩ ተረኛ ስላልነበረች በጠዋቱ አውቶቡስ መጣች። ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

«እውነት መሳፍንት አባባ ታመዋል ይባል አለ?»

«አለ።»

«በዚያው ቃል?»

«በዚያው ቃል።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ደጅ ወጣች፣ አባባ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ ታመዋል?»

«ኧረ ደኅና ነኝ።»

«እንግዲያው ነጥቡን ያሳዩኝ።»

ገብቷቸዋል። ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ አግቢ። ሰንጢ ዝጎ ያልቃል። ትዳር ሌላ ነው። እኔ ለምጄዋለሁ።»

«እኔ አልለመድሁትም» አለቻቸው።

ከሰሉን ራሷ አቀጣጠለች። ሚስማር በጉጠት ይዛ አጋለች። የመጀመሪያውን ሰንጢ ስትተኩስ ነጥቧ ጠመመች። ሁለተኛዋም። አባባ እስከዚያ ወደ ሌላ ቦታ እያዩ ነበር። ሦስተኛዋን ልትተኩስ ስትል አልቻሉም፤ ተነሡ። «እንዲያ አይደለም። ቀጥ አድርገሽ አሳርፊው፣ አትጫኚው። እንጨቱ ራሱ ይቀበላል» ብለው የእጇን አንጓ ያዙላት። ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንቱንም ጨረሱ። ወይራው ይሸታል፣ ሱቁ ታፍኗል፣ እኔ ሳልፈልግ አለቅሳለሁ፤ ጭሱ ነው አልኋቸው።

ሠርጉ ይቅር አላለችም። ይሁንም አላለች።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ባለፈው ቅዳሜ ይጁቤ ላይ እስከ እኩለ ቀን ሃያ ስምንቱም አለቀ። ጋሽ አብዱረዛቅ ደውሎ ሃምሳ አምጪ አለኝ። እንዳላማው አባቴ መሆናቸውም ወሬ ሆኖ አብሮ ሄደ፣ ሳምንት ሳይሞላው ሉማሜ ገባ።

ዛሬ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ መጣ። አልቀመጥም አለ፤ ይኼኛው መቆም ግን ደንብ አይደለም። «አቶ ስንሻው ሠርጉ ለጊዜው ይቆይ ብለዋል» አለ። ከኪሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አደረገ። «ይህንንም ለባለቤቱ መልስልኝ ብለዋል።»

የቀንድ ሰንጢው ነው።

ሠላሳ ዓመት! ሠላሳ ዓመት ዳቦ ቆርሶበት፣ ሙክት ገፍፎበት፣ ጥፍሩን ቆርጦበት፣ ዛሬ ረከሰበት። የበላውንስ? የበላውን ይመልስ እስቲ። ይህንን ሁሉ ለሽማግሌው ጮክ ብዬ ነገርሁት። ጎረቤት ወጥቶ እስኪያይ ድረስ።

አባባ ጋዜጣውን ፈቱት። ስለቱን ዘረጉ፣ ነቀነቁ። «አላስጠበቀውም» አሉ። ከመሳቢያው አንድ ቀለበት አወጡ፣ አንገቱን በሞረድ ቀነስ ቀነስ አደረጉለት፣ ቀለበቱን አጠለቁ። አዲስ ሚስማር መቱበት። ሳሉት። በዚያው ጋዜጣ መልሰው ጠቀለሉት። «እንካ፣ ውሰድለት» አሉ።

«አባባ፣ አብደዋል?» አልሁ።

«ጣቱን ይቆርጠዋል።»

«ይቁረጠው።»

«የኔ ሥራ ነው፣ ታየች» አሉ። «እኔ የሠራሁት ነገር ሰው ሲቆርጥ አልወድም።»

ሽማግሌው ይዞት ሄደ። እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም። እኔ ብሆን ጉድጓድ እጥለው ነበር።

ጥር 6፣ ረቡዕ

እስኩ ከስታለች። ሥራዋን አላጓደለችም፣ ግን ስልክ ልትዘጋ ስትል ድምፅዋ ሲሰበር ይሰማኛል። መሳፍንት በየቀኑ ይደውላል። «አጎቴን ከጀርባ ሆኜ እያግባባሁ ነው፣ ትንሽ ታገሺ» ይላታል። «ከጀርባ ያለ ሰው አይታየኝም። ከፈለግኸኝ ፊት ለፊት ና» ብላዋለች። እስከ ዛሬ አልመጣም።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ? ዝም ብዬ መስኮቴን ብበይድ ኖሮ ልጄ በዚህ ወር ትዳር ነበር… «እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም» ትለኛለች። አንዳንዴ አምናታለሁ። ገበያ ላይ የሠርግ መኪና ጥሩምባ ስሰማ አላምናትም።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ሠርጉ ነገ ይሆን ነበር።

አባባ ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ይጁቤ ውሰጂኝ» አሉ። እንዳላማው ሆነው ገበያ ከወጡ ሠላሳ ዓመታቸው ነው። ትናንት ማታ የመጣችው እስኩም ተነሣች፤ ካርቶኑን እኔ ልያዝ አለች።

ጋሽ አብዱረዛቅ ሱቁ ደጃፍ ላይ ወንበር አወጣላቸው። ሰንጢዎቹን ከኋላቸው ካለው ካርቶን እኔ እያነሣሁ እሰጣቸዋለሁ፣ እሳቸው ለገዢው ይሰጣሉ። ወጣቶቹ ከእጃቸው ተቀብለው ቀለበቱን እያዞሩ ሄዱ።

ጋሽ አብዱረዛቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» አለኝ። ልጅ ሆኖ አይቷል። አባባ ሰንጢውን መሬት ላይ ያስቀምጡና ወደ ኋላ ይላሉ፤ ገዢው ጎንበስ ብሎ ያነሣል። ከቀጥቃጭ እጅ የሚቀበል አልነበረም። ይህን አባባ ነግረውኝ አያውቁም። ዛሬ በአርባ ሁለት ዓመቴ ከጋሽ አብዱረዛቅ ሰማሁት።

እንዲያ እያለኝ አንድ ሽማግሌ መጡ። ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበዋል። ነጥቦቹን ከሩቅ አዩ።

«የእንዳላማው ነው?»

«እንዳላማው እኔ ነኝ» አሉ አባባ።

ሰውዬው ፊታቸውን ትኩር ብለው አዩ። «ይሁን፣ አንድ ስጠኝ» አሉ። አባባ ሰንጢውን አጥፈው ዘረጉላቸው። ሰውዬው ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉና መሬቱን ያዩ ጀመር። ይጠብቃሉ።

የአባባ እጅ እንደተዘረጋ ነው።

«አስቀምጠው እንጂ» አሉ ሰውዬው።

«ከእጄ ነው» አሉ አባባ።

ጋሽ አብዱረዛቅ ስኳር መመዘኑን ተወ። እስኩ ክንዴን ያዘችኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ጨመቀችኝ። ሰውዬው ዞሩ፣ ሄዱ። እህል ተራ ገቡ። አባባ ሰንጢውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ጠበቁ። ሰውዬው ጨው ተራ ታዩ። ከዚያ ጠፉ። ሌላ ገዢ መጣ፣ ሌላ ሰንጢ ሰጡት፤ ያችን ግን ከጉልበታቸው አላነሧትም።

ሰውዬው ተመልሰው መጡ። አባባ እንደገና ዘረጉ። ሰውዬው እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡ። ተቀበሉ። ጣታቸው ተነካካ። ቀለበቱን አንዴ አዞሩ፣ ኪሳቸው ከተቱ፣ ሄዱ።

አባባ ወደ እኔ ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

«ሌላ አምጪ» አሉኝ።